የዳታቤዝ ጥያቄ ውጤትን በብዙ ዓምዶች መደርደር

በብዙ ዓምዶች መደርደር ማለት ከዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) የተገኙ ረድፎችን በመጀመሪያ በአንድ ዓምድ፣ በዚያ ዓምድ እኩል የሆኑትን ደግሞ በሁለተኛ ዓምድ፣ እንደገና እኩል ከሆኑ በሦስተኛ ዓምድ እያሉ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነው። በድረ ገጽ ላይ የሚታዩ የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ የፈተና ውጤት፣ የከተሞች ሠንጠረዥ፣ የመጻሕፍት ማውጫና የመሳሰሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ይደረደራሉ። ሥራውን የሚያዝዘው በሰርቨር ላይ የሚሠራ ስክሪፕት (ለምሳሌ በፒኤችፒ ወይም በፓይተን የተጻፈ) ሲሆን፣ የሚፈጽመው ደግሞ በአብዛኛው ዳታቤዙ ራሱ ነው።

በአማርኛ ለተጻፈ መረጃ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ምክንያቶቹም ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት መኖራቸው፣ የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር 13 ወራት ያሉት መሆኑና የሰው ስም አጻጻፍ ከሌሎች አገሮች የተለየ መሆኑ ናቸው።

## ታሪክ

መረጃን ረድፍና ዓምድ ባላቸው ሠንጠረዦች ማስቀመጥን ያቀረበው የአይቢኤም ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ ሲሆን ጽሑፉ የወጣው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ሐሳብ መሠረት ረድፎች በመካከላቸው ቅደም ተከተል የላቸውም። ሠንጠረዥ የረድፎች ስብስብ ነው እንጂ ተራ ያለው ዝርዝር አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በዚያው ድርጅት የመጠየቂያ ቋንቋ አቀረቡ፤ ይህም ኋላ ኤስኪውኤል ተብሎ በ1986 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ውጤትን የሚደረድረው የቋንቋው ክፍል «ኦርደር ባይ» ይባላል፤ ትርጉሙም «በዚህ ደርድር» እንደ ማለት ነው።

በብዙ ዓምዶች መደርደር ግን ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ዘዴ ነው። በተበሱ ካርዶች መረጃ ይያዝ በነበረበት ዘመን፣ ካርድ መደርደሪያው መኪና በአንድ ጊዜ አንድ ዓምድ ብቻ ያነብ ስለነበር ሠራተኛው ካርዶቹን ደጋግሞ ማሳለፍ ነበረበት። ሥራውንም የሚጀምረው እጅግ አስፈላጊ ከሆነው ዓምድ ሳይሆን አስፈላጊነቱ ከሁሉ ካነሰው ነበር። መጨረሻ ላይ የተደረደረበት ዓምድ የበላይ ሆኖ ይቀራል፤ በእርሱ እኩል የሆኑት ካርዶች ደግሞ ከቀደመው ዙር ያገኙትን ተራ ይዘው ይቆያሉ። ይህ እኩያዎችን ከነተራቸው የማቆየት ጠባይ ዛሬም «የተረጋጋ አደራደር» ይባላል።

## አሠራር

የሚከተለው ሠንጠረዥ በአማራ ክልል የሚገኙ 9 ቦታዎችን ያለ ምንም ተራ ያሳያል። የሠንጠረዡ ስም «ቦታዎች» ነው እንበል።

| ስም | አካባቢ |
|---|---|
| ደሴ | ደቡብ ወሎ |
| ደብረ ብርሃን | ሰሜን ሸዋ |
| ደብረ ማርቆስ | ምሥራቅ ጎጃም |
| አንኮበር | ሰሜን ሸዋ |
| ኮምቦልቻ | ደቡብ ወሎ |
| ዓለም ከተማ | ሰሜን ሸዋ |
| ደብረ ታቦር | ደቡብ ጎንደር |
| ሸዋ ሮቢት | ሰሜን ሸዋ |
| ቢቸና | ምሥራቅ ጎጃም |

በስም ብቻ ቢደረደር ቅደም ተከተሉ ሸዋ ሮቢት፣ ቢቸና፣ አንኮበር፣ ኮምቦልቻ፣ ዓለም ከተማ፣ ደሴ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ታቦር ይሆናል። ስማቸው በ«ደብረ» የሚጀምር ሦስቱ ከተሞች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የሚገኙት ግን በሦስት የተለያዩ አካባቢዎች ነው። የሰሜን ሸዋን ቦታዎች አንድ ላይ ማየት የሚፈልግ አንባቢ በዚህ ዝርዝር ውስጥ እየለቀመ መፈለግ ይኖርበታል።

በሁለት ዓምድ ለመደርደር ጥያቄው እንዲህ ይጻፋል። ትእዛዛቱ በኮምፒዩተር ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን እዚህ እንደ አነባበባቸው ቀርበዋል።

    ሴሌክት ስም, አካባቢ
    ፍሮም ቦታዎች
    ኦርደር ባይ አካባቢ, ስም

የመጀመሪያው መስመር የትኞቹ ዓምዶች እንደሚፈለጉ፣ ሁለተኛው ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚወሰዱ፣ ሦስተኛው በምን ተራ እንደሚቀርቡ ይናገራል። ውጤቱ የሚከተለው ነው።

| አካባቢ | ስም |
|---|---|
| ምሥራቅ ጎጃም | ቢቸና |
| ምሥራቅ ጎጃም | ደብረ ማርቆስ |
| ሰሜን ሸዋ | ሸዋ ሮቢት |
| ሰሜን ሸዋ | አንኮበር |
| ሰሜን ሸዋ | ዓለም ከተማ |
| ሰሜን ሸዋ | ደብረ ብርሃን |
| ደቡብ ወሎ | ኮምቦልቻ |
| ደቡብ ወሎ | ደሴ |
| ደቡብ ጎንደር | ደብረ ታቦር |

ዳታቤዙ ሁለት ረድፎችን ሲያነጻጽር መጀመሪያ አካባቢያቸውን ያያል። አካባቢው ከተለያየ ተራው በዚያው ይወሰናል፤ ስማቸው አይታይም። አካባቢው አንድ ከሆነ ብቻ ወደ ስም ያልፋል። ስለዚህ የዓምዶቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። «ኦርደር ባይ ስም, አካባቢ» ተብሎ ቢጻፍ፣ በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለት ቦታ አንድ ስም ስለሌለው ሁለተኛው ዓምድ ምንም ሥራ አይኖረውም፤ ውጤቱም በስም ብቻ ከተደረደረው ጋር አንድ ይሆናል።

### የአደራደር አቅጣጫ

እያንዳንዱ ዓምድ የራሱ አቅጣጫ አለው። ከትንሽ ወደ ትልቅ (ከሀ ወደ ፐ) የሚሄደው «ኤኤስሲ»፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚሄደው «ዴስክ» በሚሉ ቃላት ይታዘዛል። ምንም ካልተጻፈ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይወሰዳል። ጀማሪዎችን ዘወትር የሚያሳስተው ነገር አቅጣጫውን የሚናገረው ቃል ከፊቱ ላለው አንድ ዓምድ ብቻ እንጂ ለሁሉም አለመሥራቱ ነው።

    ኦርደር ባይ አካባቢ, ስም ዴስክ

በዚህ ትእዛዝ አካባቢዎቹ እንደ ቀድሞው ከምሥራቅ ጎጃም ጀምረው ይዘልቃሉ፤ የሚገለበጠው በየአካባቢው ውስጥ ያለው የስም ተራ ብቻ ነው። የሰሜን ሸዋዎቹ ደብረ ብርሃን፣ ዓለም ከተማ፣ አንኮበር፣ ሸዋ ሮቢት ተብለው ይወጣሉ። ሁለቱም እንዲገለበጡ ከተፈለገ ቃሉ ከሁለቱም ዓምዶች በኋላ መጻፍ አለበት።

### ባዶ ዋጋ

አንድ ረድፍ በመደርደሪያው ዓምድ ምንም ዋጋ ከሌለው («ነል» ከሆነ) የት እንደሚቀመጥ ከዳታቤዝ ዳታቤዝ ይለያያል። ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውላይት ባዶውን እንደ ትንሹ ቆጥረው ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ፖስትግሬስኪውኤልና ኦራክል ግን መጨረሻ ላይ ያደርጉታል። ስለዚህ አንድ ስክሪፕት ከአንዱ ዳታቤዝ ወደ ሌላው ሲዛወር ትእዛዙ ሳይለወጥ ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል።

## በድረ ገጽ ስክሪፕት ውስጥ

በድረ ገጽ ላይ ተጠቃሚው የዓምዱን ርእስ ሲጫን ሠንጠረዡ በዚያ ዓምድ እንዲደረደር ማድረግ የተለመደ ነው። ሥራው በሚከተሉት ደረጃዎች ያልፋል፦

1. ተጠቃሚው «አካባቢ» የሚለውን ርእስ ሲጫን ብራውዘሩ የዓምዱን መለያና አቅጣጫውን በድረ ገጹ አድራሻ ላይ ጨምሮ ወደ ሰርቨሩ ይልካል።
2. ስክሪፕቱ የመጣውን መለያ አስቀድሞ ከተፈቀዱት ዓምዶች ዝርዝር ጋር ያመሳክራል።
3. ከተገኘ የመደርደሪያውን ትእዛዝ ይሠራል፤ ካልተገኘ የተለመደውን አደራደር ይጠቀማል።
4. ጥያቄውን ወደ ዳታቤዙ ይልካል።
5. የመጡትን ረድፎች በመጡበት ተራ በሠንጠረዥ መልክ ያትማል።

ሁለተኛው ደረጃ ሊዘለል አይገባም። ስክሪፕቱ ከአድራሻው ያገኘውን ጽሑፍ ሳይመረምር በጥያቄው ውስጥ ቢለጥፈው፣ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ከዓምድ ስም ይልቅ የራሱን ትእዛዝ አስገብቶ ያልተፈቀደለትን መረጃ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ጥቃት «ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን» ይባላል።

ተጠቃሚው የሚያስገባቸውን ዋጋዎች (ለምሳሌ የሚፈለግ ስም) ከዚህ ጥቃት ለመጠበቅ የተዘጋጀ ጥያቄ መጠቀም ይመከራል። በዚህ ዘዴ ዋጋው በሚገባበት ቦታ ምልክት ተደርጎ ጥያቄው አስቀድሞ ይላካል፤ ዋጋው ደግሞ ለብቻው ይከተላል። ነገር ግን ይህ ዘዴ ለዓምድ ስም አይሆንም። በምልክቱ ቦታ «አካባቢ» የሚል ቢላክ ዳታቤዙ የሚወስደው እንደ ዓምድ ሳይሆን እንደ ተራ ቃል ነው። ያ ቃል ለሁሉም ረድፎች አንድ ስለሆነ ሁሉም እኩል ይሆናሉ፤ አደራደርም አይኖርም። ብዙ ጊዜ የስሕተት መልእክት ስለማይታይ ምክንያቱን ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ለዓምድ ስምና ለአቅጣጫ ትክክለኛው መከላከያ የተፈቀዱትን በዝርዝር ይዞ ከእነርሱ መካከል ብቻ መምረጥ ነው።

ተጠቃሚው አንድ ዓምድ ብቻ ቢመርጥም ስክሪፕቱ ሌሎቹን ራሱ ሊጨምር ይችላል። «አካባቢ» ከተመረጠ «አካባቢ, ስም»፣ «ነጥብ» ከተመረጠ «ነጥብ ዴስክ, ስም, የአባት ስም» ማለት አንባቢው የሚጠብቀውን ተራ ይሰጣል።

### በስክሪፕቱ ውስጥ መደርደር

መረጃው ከተለያዩ ቦታዎች ሲሰበሰብ ዳታቤዙ ሊደረድረው አይችልም፤ ስክሪፕቱ በራሱ ማስታወሻ ውስጥ መደርደር ይኖርበታል። የሚጻፈው አነጻጻሪ ተግባር ከላይ የተገለጸውን ደንብ ይከተላል፦ የመጀመሪያውን ዓምድ ማነጻጸር፣ እኩል ከሆነ ወደ ሁለተኛው ማለፍ። ሌላው አማራጭ የካርድ ሠራተኞቹ ዘዴ ነው፤ ይኸውም መጀመሪያ በስም፣ ቀጥሎ በአካባቢ መደርደር ነው። ይህኛው የሚሠራው ግን አደራደሩ የተረጋጋ ሲሆን ብቻ ነው። የፒኤችፒ መደርደሪያ ተግባራት የተረጋጉ የሆኑት በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው 8.0 ጀምሮ ነው፤ ጃቫስክሪፕትም ይህን በደንቡ ውስጥ ያስገደደው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። በቀደሙት እትሞች ሁለት ጊዜ መደርደር የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

## የግዕዝ ፊደል ቅደም ተከተል

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። በዚያ ፊደላቱ የተሰለፉት በሀለሐመ ተራ ስለሆነ፣ ዳታቤዙ የፊደላቱን መለያ ቁጥር ብቻ ቢያነጻጽር እንኳ ውጤቱ በትምህርት ቤት ከሚታወቀው ተራ ጋር ይስማማል። ሆኖም ይህ ብቸኛው ተራ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የሚከተለው የአበገደን ተራ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማውጫ በኮምፒዩተር የሚያዘጋጅ ሰው ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጥቶ በተጨማሪ ዓምድ መደርደር ይኖርበታል።

### ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት

ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ቢሰጡም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ናቸው፤ በተራውም ተራርቀው ይገኛሉ። የተለመዱት የዳታቤዝ የአነጻጸር ደንቦችም አንድ አድርገው አይቆጥሯቸውም። ከላይ በቀረበው ሠንጠረዥ «ዓለም ከተማ» የተቀመጠው ከአንኮበር በኋላ ነው። በዐይኑ ዓ ፈንታ «አለም ከተማ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ከአንኮበር በፊት ይመጣል። ቦታው አንድ ሆኖ ሳለ ተራው በጸሐፊው ምርጫ ይለወጣል።

ከአንኮበር ጋር ስማቸው የሚነሣ ሦስት የሸዋ ነገሥታትን መውሰድ ይቻላል፦ ሣህለ ሥላሴ (ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. የገዙ)፣ ኃይለ መለኮት (ከ1847 እስከ 1855 እ.ኤ.አ.) እና በ1865 እ.ኤ.አ. የሸዋን ዙፋን የያዙት ምኒልክ። በዚህ አጻጻፍ በስም ሲደረደሩ ምኒልክ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት ይሆናሉ። «ሀይለ መለኮት» እና «ሳህለ ስላሴ» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ሀይለ መለኮት፣ ምኒልክ፣ ሳህለ ስላሴ ይሆናል። መጨረሻ የነበረው ስም መጀመሪያ ሆነ።

መፍትሔው ስሙን መለወጥ አይደለም። ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው መቀመጥና መታየት አለበት። ከጎኑ ግን ለዓይን የማይታይ የመደርደሪያ ዓምድ ይጨመራል፤ በእርሱም ውስጥ ፊደላቱ አንድ ይደረጋሉ፦

- ሐ እና ኀ በሀ ይተካሉ (ሑ በሁ፣ ኅ በህ እየተባለ በየእርከናቸው)
- ሠ በሰ ይተካል
- ዐ በአ ይተካል
- ፀ በጸ ይተካል
- ሃ፣ ሓ እና ኃ በሀ፤ ኣ እና ዓ በአ ይተካሉ

ጥያቄው የሚደረደረው በዚህ ዓምድ ሲሆን ለተጠቃሚው የሚታየው ዋናው ስም ነው። ሁለት ሰዎች በዚህ ዓምድ እኩል ቢሆኑ ዋናው አጻጻፍ ሁለተኛ መደርደሪያ ሊሆን ይችላል። ይኸው ዓምድ ለፍለጋም ያገለግላል፤ «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ኃይሉ»ንም ያገኛል።

## የሰው ስም

በኢትዮጵያ ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባትና የአያት ስም ይከተላሉ እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። ስለዚህ የስም ዝርዝር የሚደረደረው በራስ ስም፣ ቀጥሎ በአባት ስም፣ ቀጥሎ በአያት ስም ነው። ለውጭ አገር የተሠሩ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚደረድሩት በመጨረሻው ስም ስለሆነ፣ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ የአንድ ቤት አባትና ልጅ በተለያየ ቦታ ሲቀመጡ ይታያል።

ሦስቱን ስሞች በሦስት ዓምዶች ማስቀመጥ ይመረጣል። ሁሉም በአንድ ዓምድ ከገቡ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም እንደ ፊደል ተቆጥሮ በአደራደሩ ይሳተፋል። ክፍተት ከማንኛውም ፊደል ስለሚቀድም «ገብረ ማርያም» ተለያይቶ ሲጻፍ ከ«ገብረሕይወት» በፊት፣ «ገብረማርያም» ተጋጥሞ ሲጻፍ ደግሞ ከእርሱ በኋላ ይሆናል። ከዚህም በላይ ተለያይቶ የተጻፈ ጥምር ስም የት እንደሚያልቅና የአባት ስም የት እንደሚጀምር ስክሪፕቱ ሊያውቅ አይችልም። በመደርደሪያው ዓምድ ውስጥ ክፍተቱን ማጥፋት የመጀመሪያውን ችግር ይፈታል፤ ሁለተኛው የሚፈታው ግን ስሞቹን ገና ሲመዘገቡ በመለየት ብቻ ነው።

## ቀንና ቁጥር

የወር ስም በጽሑፍ ከተቀመጠ የሚደረደረው እንደ ማንኛውም ቃል ነው። የኢትዮጵያ ወራት በፊደል ተራ ሲቀመጡ ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ነሐሴ፣ የካቲት፣ ግንቦት፣ ጥር፣ ጥቅምት፣ ጳጉሜን ይሆናሉ፤ ይህም ለዘመን ቅደም ተከተል ምንም አይረባም።

የዳታቤዙ የቀን ዓይነትም በቀጥታ አያገለግልም። የተሠራው ለጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ 13ኛ ወር አይቀበልም፤ ጳጉሜንም ልትመዘገብ አትችልም። ጥቅምትም ችግር አለባት። ሁለተኛው ወር በመሆኗ ዳታቤዙ እንደ ፌብሩዋሪ ስለሚቆጥራት ጥቅምት 30ን ፈጽሞ፣ ጥቅምት 29ን ደግሞ በአብዛኛዎቹ ዓመታት አይቀበልም። ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ቀኑን ወደ ጎርጎርዮስ ለውጦ ማስቀመጥና ሲታይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ነው። ሁለተኛው ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት የቁጥር ዓምዶች አስቀምጦ በሦስቱም መደርደር ነው፦

    ኦርደር ባይ ዓመት, ወር, ቀን

ቁጥርም በጽሑፍ ዓይነት ከተቀመጠ ይሳሳታል፤ 1 ከ9 ስለሚቀድም «10» ከ«9» በፊት ይመጣል። የግዕዝ ቁጥር በዚህ ረገድ የተለየ ጠባይ አለው። ፲ የራሱ ምልክት ስላለውና ከ፱ ቀጥሎ ስለተቀመጠ፣ በግዕዝ አኃዝ የተጻፉ ቁጥሮች እንደ ጽሑፍ ቢደረደሩም ከ፩ እስከ ፻፺፱ (199) ድረስ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስሕተቱ የሚጀምረው በ፪፻ (200) ነው፤ በ፪ ስለሚጀምር ከ፪ ቀጥሎ፣ ከ፫ በፊት ይገባል።

## እኩል ውጤትና ፍትሕ

አደራደርና ደረጃ አንድ አይደሉም። የሚከተለው ለምሳሌ ብቻ የተዘጋጀ ዝርዝር በነጥብ ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ቀጥሎ በስም የተደረደረ ነው።

| ነጥብ | ስም | የአባት ስም |
|---|---|---|
| 91 | አልማዝ | ከበደ |
| 88 | ሀይሉ | ወርቁ |
| 88 | በቀለ | ተሰማ |
| 88 | ኃይሉ | ደምሴ |
| 85 | ዘነበች | አበራ |

ያለው ቦታ ለ3 ሰው ብቻ ነው ተብሎ ስክሪፕቱ የመጀመሪያዎቹን 3 ረድፎች ቢወስድ፣ ኃይሉ ደምሴ ከበቀለ ተሰማ ጋር እኩል ነጥብ እያለው ይቀራል። የቀረበት ምክንያት ስሙ በኀ ቤተሰብ ፊደል መጻፉ ብቻ ነው። «ሀይሉ ደምሴ» ተብሎ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ከሀይሉ ወርቁ ቀጥሎ ይገባና የሚቀረው በቀለ ይሆን ነበር። የፊደል ምርጫ ዕድልን ወሰነ ማለት ነው። የመደርደሪያ ዓምድ መጨመርም ይህን አይፈታውም፤ ጉዳቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ።

ስም ለመደርደር እንጂ ለመምረጥ መለኪያ ሊሆን አይገባም። ለምርጫ የሚያገለግለው «ራንክ» የሚባለው ተግባር ሲሆን እኩል ነጥብ ላላቸው ሁሉ እኩል ደረጃ ይሰጣል። ከላይ ባለው ዝርዝር አልማዝ 1ኛ፣ ባለ 88ቶቹ ሦስቱም 2ኛ፣ ዘነበች 5ኛ ይሆናሉ። ማይኤስኪውኤል ይህን ተግባር ያካተተው በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው 8.0 ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው 13ኛ እትም ወዲህ ፖስትግሬስኪውኤል ከመቁረጫው ጋር እኩል የሆኑትን ሁሉ ጨምሮ የሚያመጣ ትእዛዝ አለው። ከዚያ በኋላ እኩያዎቹን የሚለየው በግልጽ የታወጀ መመዘኛ (ለምሳሌ የሌላ ፈተና ነጥብ) ከሆነ፣ እርሱ በመደርደሪያው ውስጥ ከስም በፊት ይገባል።

## በገጽ መከፋፈል

ረጅም ዝርዝር በድረ ገጽ ላይ የሚቀርበው በገጽ ተከፋፍሎ ነው። ስክሪፕቱ ለእያንዳንዱ ገጽ አዲስ ጥያቄ ይልካል፤ ለምሳሌ «ከ20 ረድፍ ዝለልና 20 አምጣ» ይላል። በመደርደሪያው ዓምዶች ፍጹም እኩል የሆኑ ረድፎች ካሉ ዳታቤዙ በመካከላቸው የፈለገውን ተራ ሊሰጥ ይችላል፤ ያም ተራ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት አንድ ተማሪ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ገጽ ሊታይ፣ ሌላው ደግሞ በየትኛውም ሳይታይ ሊቀር ይችላል። በዳታቤዙ ውስጥ ያለ ስም ከዝርዝሩ ጠፋ የሚል ቅሬታ አንዳንድ ጊዜ መነሻው ይህ ነው።

ይህን ለመከላከል በመደርደሪያው መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ረድፍ ልዩ የሆነ ዓምድ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመለያ ቁጥሩ፣ ይጨመራል፦

    ኦርደር ባይ ስም, የአባት_ስም, የአያት_ስም, መለያ

ከዚህ በኋላ ሁለት ረድፍ ፍጹም እኩል ሊሆን አይችልም፤ ተራውም ዘወትር አንድ ይሆናል።

## ፍጥነት

ብዙ ረድፎችን በየጊዜው መደርደር ሰርቨሩን ያደክማል። ለዚህም ዳታቤዙ አስቀድሞ የተደረደረ ማውጫ («ኢንዴክስ») እንዲይዝ ይደረጋል። በ«አካባቢ, ስም» ለመደርደር የሚረዳው ሁለቱንም ዓምዶች በዚሁ ተራ የያዘ ጥምር ማውጫ ነው። ጥምር ማውጫ በክፍልና በስም እንደተዘጋጀ የትምህርት ቤት መዝገብ ነው፤ የአንድን ክፍል ተማሪዎች በስም ተራ ወዲያው ያሳያል፣ የትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ሁሉ ክፍል ሳይለይ በስም ለመደርደር ግን አይረዳም። ስለዚህ ማውጫው በ«አካባቢ» ብቻ ለሚደረደር ጥያቄም ያገለግላል፤ በ«ስም» ብቻ ለሚደረደር ግን ሌላ ማውጫ ያስፈልጋል።

አቅጣጫም መታየት አለበት። ሁለቱም ዓምዶች ከተገለበጡ ዳታቤዙ ያንኑ ማውጫ ከኋላ ወደ ፊት ያነበዋል። አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ከሆነ ግን በዚያው አቅጣጫ የተሠራ ማውጫ ያሻል። ማይኤስኪውኤል ከ8.0 በፊት በማውጫ ላይ «ዴስክ» ተብሎ ሲጻፍ ትእዛዙን ይቀበልና ሥራ ላይ ሳያውለው ይተወው ነበር። አንድ ጥያቄ በማውጫ መጠቀም አለመጠቀሙ «ኤክስፕሌን» በሚለው ትእዛዝ ይታወቃል፤ በማይኤስኪውኤል «ፋይልሶርት» የሚል ቃል ከታየ ዳታቤዙ ረድፎቹን እንደ አዲስ እየደረደረ ነው ማለት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ረድፎች ላሉት ሠንጠረዥ ይህ አያሳስብም፤ ረድፎቹ በመቶ ሺዎች ሲሆኑ ግን ገጹ ቶሎ መከፈቱን ወይም መዘግየቱን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።